የላጋ ጢቃ አጥር

ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ፈት ነው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ይሁን ማን፣ ጡረታ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ደመወዝተኛ በነበርኩበት ዘመን ከመሥሪያ ቤቴ በቀር አንድም ሰው ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ግን የዕድር ጸሐፊ፣ የመንገድ መብራት ጉዳይ ተወካይ፣ የተጣላ ባልና ሚስት አስታራቂ ሆኜ አረፍኩት። «እሳቸው ጊዜ አላቸው» ይባላል። ጊዜ ያለው ሰው ማለት እንደ ጎረቤት መሰላል ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይዋሰዋል፣ ጣራው ከተጠገነ በኋላ ግን ግባና ሻይ ጠጣ የሚለው የለም።

ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማማረርም ነው። ዋናው ምክንያት ግን እንዴት የወንዝ ሊቀ መንበር እንደሆንኩ፣ እንዴትስ ከሊቀ መንበርነቴ እንደተሻርኩ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ወንዝም ሊቀ መንበር አለው ወይ ብትሉኝ፣ በእኛ ሰፈር አለው።

ስሜ ይመር ነው። ወላጆቼን ተከትዬ ከወሎ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ስመጣ ጢሜ ገና ማቀምቀም ጀምሮ ነበር። ሽበቱ ግን ሙሉ በሙሉ የመቱ ከተማ ነው። እዚሁ ተማርኩ፣ እዚሁ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ፣ ሬጅስትራር ሆኜ ወጣሁ። በጎልማሳነቴ የሥራው ቋንቋ ኦሮምኛ ሲሆን በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ መተየብ ተማርኩ፤ ጣቶቼ ለስድስት ወር ያህል ተንተባተቡ፣ ከዚያ ለመዱ። አሁን በአማርኛ ተናድጄ በኦሮምኛ እበርዳለሁ። ባለቤቴ ጫልቱ የዚሁ አገር፣ የኖፓ ልጅ ነበረች። ነበረች ያልኩት፣ ከሞተች ሦስት ዓመት ስላለፋት ነው። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሲፈን፤ ጅማ ትሠራለች፣ እሑድ እሑድ ትደውላለች።

ቤቴ ከከተማው በታች፣ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ላጋ ጢቃ ትታየኛለች። ላጋ ጢቃ ማለት ትንሿ ወንዝ ማለት ነው፤ ስሟን ያወጣላት ሰው ሊያጋንን ያልፈለገ ሰው ነው። እየተጣጠፈች ሄዳ ሄዳ ከትልቁ ከሶር ጋር ትቀላቀላለች ይላሉ። ግራና ቀኟ ጨፌ ነው፤ ክረምት ከበጋ ረጥቦ የሚኖር፣ ሣርና ቄጤማ የለበሰ ሜዳ። መሻገሪያው አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ፤ የሰፈሩ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡት እዚያ ላይ ነው። ገሚሶቹ የቤታቸውን፣ ገሚሶቹ ለኑሯቸው የሰው ልብስ ያጥባሉ። ሳፋቸውን ተሸክመው በጠዋት ይወርዳሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ያወራሉ። ማጠቡን እግረ መንገዳቸውን ነው የሚያደርጉት።

ወሬ ስላችሁ ሹክሹክታ እንዳይመስላችሁ። አንዷ ከወዲህ ማዶ፣ አንዷ ከወዲያ ማዶ ሆነው፣ ውሃው መካከላቸው እየጮኸ፣ እነሱ ከውሃው በላይ እየጮኹ ነው። ሳቁማ አይነሣ! በተለይ እትዬ ሎሚ የምትባል አለች፤ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ ግን ከተማው ሁሉ እትዬ ስለሚላት እኔም እትዬ ነው የምላት። እሷ ስትስቅ በረንዳዬ ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ያቃጭላል። ስንት ጊዜ በመስኮት ብቅ ብዬ «ኧረ እባካችሁ!» ብያለሁ። ለአፍታ ዝም ይሉና አንዷ የሆነ ነገር ታንሾካሹካለች፤ ከዚያ ሳቁ ካቆመበት ብሶ ይቀጥላል።

ጨዋታው እንዲህ እያለ፣ ወንዟ ደግሞ እየታመመች ነበር። ይህን ለመካድ አልፈልግም። የባጃጅ ልጆች መሻገሪያው ላይ ባጃጃቸውን እያጠቡ የዘይት ቀለበት ውሃው ላይ ይተዋሉ። ፌስታል ከላይ ሰፈር እየተንሳፈፈ ይመጣል፣ ዳር ላይ ያለው የዶቅማ ዛፍ ሥር ይከማቻል። ከብት ይገባል። የሳሙና አረፋ እንደ ጠላ አረፋ ጥግ ጥጉን ይዞ ይሄዳል። ጨፌውም ከእግርና ከሚሰጣው ልብስ ብዛት ራሰ በራ ሆኗል። ድሮ መስከረም ሲጠባ ቢጫ በቢጫ ይሆን የነበረው ሜዳ አሁን ዳር ዳሩን ብቻ ጥቂት አደይ አበባ ያሳያል፤ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ብቻ እንደቀረለት ሽማግሌ፣ ማለትም እንደ እኔ።

ስለዚህ ሰፈሩ ተሰበሰበና የወንዝ ጥበቃ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። በኦሮሞ ልማድ ሽማግሌዎች ሕግ የሚያወጡት እንዲህ ባለ ጨፌ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የክልሉ ምክር ቤት እንኳ ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። እኛ ግን ስለ ጨፌው ሕግ ለማውጣት የቀበሌ አዳራሽ ገብተን በሩን ዘጋን። አጣቢዎቹ አልተጠሩም። ሥራ ላይ ነበሩ። እኔ በስብሰባው መሐል ለውሃ ሽንት ወጣሁ፤ ስመለስ ተጨብጭቦ ጠበቀኝ። ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት ይላሉ፤ በእኛ አዳራሽ ግን የሚመረጠው የሌለው ሰው ነው። ምክትሌ ኦቦ ገመዳ ሆነ፣ አናጢው። ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ ቆሞ ሲያወራ እንኳ አጠገቡ ያለው ምሰሶ መዛመም አለመዛመሙን በአንድ ዓይኑ ያያል።

መተዳደሪያ ደንቡን እኔ ጻፍኩት። ሃያ ሦስት አንቀጽ፣ በሁለት ቋንቋ። ምን ልበላችሁ፣ ከጡረታ በኋላ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሳምንት የለም። «ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ዓላማ ወደ ተከለለው ስፍራ መግባት አይችልም» የምትለዋን አንቀጽ ስጽፍ እጄ እንደ ወጣትነቴ ሄደ። «ይህ ደንብ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሊሻሻል አይችልም» አልኩ። «ደንቡን የጣሰ የኮሚቴ አባል፣ ሰብሳቢውም ቢሆን፣ ከኃላፊነቱ ይነሣል» ብዬ ጨመርኩ። ሰብሳቢውም ቢሆን የምትለዋን ሳነብ አዳራሹ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል ተባለ።

ኦቦ ገመዳ አጥሩን በእንጨትና በቀርከሃ አቆመው። ከመሻገሪያው ጀምሮ እስከ ታችኛው ዋንዛ ድረስ፣ ወንዟንም ጨፌውንም ድንጋዮቹንም አቅፎ። እውነትም ያማረ አጥር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ ሳፋቸውን ይዘው መጡ፣ አጥሩን አዩ፣ በረንዳዬን ቀና ብለው አዩ። እኔ ጋዜጣ የማነብ መሰልኩ። ትንሽ ቆመው ተመለሱ። የባጃጅ ልጆች ምንም አልተቸገሩም፤ ከአጥሩ ራስጌ ወጥተው ማጠብ ጀመሩ። እሱን ለማስቆም አራት ወር ፈጀብን። ከብቶቹም ደንቡ በሁለት ቋንቋ መጻፉን ሳያደንቁ ሁለት ጊዜ አጥር ጥሰው ገቡ።

ክረምቱ መጣ። የመቱን ክረምት ለሚያውቅ አልነግረውም፤ ለማያውቀው ግን ሰማዩ ቧንቧውን ከፍቶ ቁልፉን የጣለ ነው የሚመስለው። ሣሩ በአንድ ጊዜ ተመነደገ። ከኮሚቴው አንዱ «ከአዲስ አበባ ጽጌረዳ አምጥተን እንትከል» ብሎ ነበር፤ ገና ስንወያይ ጨፌው ራሱ የሚያውቀውን አወጣ። በመጀመሪያ የማገጡ አበባ፣ ነጩም ሐምራዊውም። ቀጥሎ ስሙን የማላውቀው፣ ግንዱ ቀጥ ብሎ ጫፉ ላይ ቀይ ችቦ የመሰለ። መስከረም ላይ አደይ አበባው፣ ኦሮሞው ኬሎ የሚለው፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ወረሰው። ማንም አልዘራውም፤ መሬቱ ውስጥ ሆኖ እግራችን እስኪነሣለት ነበር የሚጠብቀው። ውሃው ጠራ። ንብ መጣ። ዶቅማው ላይ ጉሬዛ ታየ። ከዞን የመጡ እንግዶች ጎበኙ፣ ፎቶ ተነሡ፣ «ለሌሎች ወረዳዎች ተምሳሌት» አሉን፣ ምስክር ወረቀት ሰጡን። ምስክር ወረቀቱን ሳሎኔ ሰቀልኩት።

እንግዶቹ ሄዱ። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እናንተ አንባቢዎቼ አብዛኛችሁ ቤታችሁ ሰው ስላለ ይህን አትረዱት ይሆናል። ፊት ለፊቴ ቢጫ ሜዳ፣ ከመሐሉ ጥርት ያለ ውሃ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል ሰው? እኔም ራሴን እንደዚያ ብዬ ጠየቅኩት። አንድ ሳምንት ተመለከትኩ። ሁለተኛውን ሳምንት ተመለከትኩ። አበባ እንደሆነ አይናገር። እሑድ ሲፈን ደወለችና «ሄሎ» ስላት ደነገጠች።

«አባዬ፣ ድምፅህ ምን ሆነ? ጉንፋን ይዞሃል?»

ጉሮሮዬን ጠረግኩና ደህና ነኝ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አሰብኩ። ለመጨረሻ ጊዜ የተናገርኩት ሐሙስ ዕለት ነበር፤ ለባለ ሱቁ «ክብሪት» አልኩት፣ እሱ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን የከፈትኩት ለምግብ ብቻ ነው። ድምፄ እንደማይከፈት በር ዝጎ ነበር። ጫልቱ ከሞተች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ለምን? ብዬ ሳስብ፣ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በመስኮት ብቅ እያልኩ «ኧረ እባካችሁ!» እል ነበር። ለካ ከሰው ጋር እየተነጋገርኩ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ሽንኩርት ተራ ላይ እትዬ ሎሚን አገኘኋት። ድሮ ቢሆን ከሩቅ ነበር የምትጮኽልኝ። አሁን አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «አከም ጅርቱ ጋሼ» አለችኝ፤ እንደ ሐዘን ቤት ሰላምታ።

«ደህና ነኝ። እናንተስ? የት ነው አሁን የምታጥቡት?» አልኳት።

«አንዳንዱ ከላይ፣ አንዳንዱ ከጎሬ መንገድ ማዶ። እኔ የአንድ ሰዓት መንገድ እወርዳለሁ። ወገቤ እንጃ።»

«አብራችሁ አይደለም?»

«ቦታው የት ይበቃናል ጋሼ? አንድ ሰው ነው የሚያስቀምጠው። ሁላችንም ጥግ ጥጋችንን ይዘናል።» ሽንኩርቷን መረጥ መረጥ አደረገችና፣ ቀና ሳትል፣ «ጫልቱ ነፍሷን ይማርና እንኳን ይህን አላየች» አለች።

«ጫልቱን ምን አመጣት?» አልኩ። ድምፄ የፍርድ ቤት ድምፅ ሆኖብኝ ነበር መሰለኝ።

እትዬ ሎሚ ሽንኩርቱን ተወችው። «ጋሼ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ቧንቧ የገባው መቼ ነው?»

«ሲፈን ገና ስትድህ።»

«ታዲያ ጫልቱ ለምን ይመስልዎታል እስከምትታመም ድረስ ወንዝ ስትወርድ የነበረው?»

ሠላሳ ዓመት በመስቀለኛ ጥያቄ መሐል ኖሬአለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ሲጠየቅ አልሰማሁም። ጫልቱ ሳፋዋን ይዛ ስትወጣ አያት ነበር፤ ልብስ ልታጥብ ነው ብዬ አልፋታለሁ። ቧንቧው እዚያው በር ላይ ነው፤ ውሃው ሌት ተቀን ባይመጣም ይመጣል። አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

«ምን ታወሩ ነበር?» አልኩ ቀስ ብዬ።

እትዬ ሎሚ ፈገግታዋን ለመያዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። «እርስዎን ነበራ! መነጽርዎን አፍንጫዎ ላይ ዝቅ እንደሚያደርጉት አድርጋ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ‹ወጡ ጨው የበዛበት መሆኑ በማስረጃ ስለተረጋገጠ፣ ተከሳሽ ውሃ እንድትጨምርበት ታዟል› ትለናለች። ጋሼ ይሙቱ፣ ስንቱ ሰው ነው ውሃ ውስጥ የወደቀው በሳቅ! እርስዎ ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት በመስኮት ብቅ ብለው ‹ኧረ እባካችሁ!› ሲሉ…»

ሳቁ መልሶ ያዛት። ወዲያው ግን የሆነ ነገር ትዝ ያላት መሰለች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ሽንኩርት ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

መንገዱን ሁሉ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ተቆጥቼ አይደለም። እቤት ውስጥ ጫልቱ ዝምተኛ ነበረች። እኔም ከሥራ ደክሞኝ ስለምመጣ ዝምታዋን እወድላት ነበር። ለሰው ሁሉ «ሚስቴ ጨዋ ናት፣ ድምፅ የላትም» እል ነበር። ድምፁ ወንዝ ዳር ነበር ያለው። ከበረንዳዬ ሃምሳ እርምጃ ላይ፣ በየቀኑ፣ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ የእሷ መሆኑን ግን አላወቅኩም።

በሳምንቱ ኮሚቴውን ሰበሰብኩ። ዕቅድ ይዤ ነው የገባሁት፤ እንዲያው ስሜት አይደለም። አጥሩ ላይ በመሻገሪያው በኩል በር ይከፈት፣ ድንጋዮቹ ለአጣቢዎች ይመለሱ፣ የሳሙናው ውሃ ወንዝ እንዳይገባ ጠጠርና አሸዋ የተሞላ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ልብሱ ሣር ላይ ሳይሆን ገመድ ላይ ይሰጣ፣ አበባው እንዳለ ይጠበቅ።  ተናግሬ ስጨርስ ኦቦ ገመዳ ደንቡን ከኪሱ አወጣ። ኪሱ ውስጥ ይዞት እንደሚዞር አላውቅም ነበር።

«ሐሳቡ ጥሩ ነው ጋሼ፤ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሊሻሻል አይችልም ይላል። እርስዎ ነዎት የጻፉት።»

«ገመዳ፣ ደንብ ለሰው ነው እንጂ…»

«እኔም ደንቡ ሲጸድቅ እንደዚያ ብዬ ነበር። ‹ደንብ ደንብ ነው› አሉኝ።»

ብዬው ነበር። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ፤ ቁናውን ራሱ የሰፋ ሰው ግን ምን እንደሚሰማው ተረቱ አይነግራችሁም። እጅ ወጣ። በር አይከፈትም ተባለ፤ አንድ ተቃውሞ፣ እሱም የእኔ።

እሑድ ጠዋት፣ ገሚሱ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ገሚሱ ጸሎት ቤት በሄደበት ሰዓት፣ ከጎረቤት መጋዝ ተውሼ ወደ አጥሩ ወረድኩ። በሕይወቴ ሕግ ስጥስ የመጀመሪያዬ ስለነበር ከረባት ማሰሬን ልብ ያልኩት በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ቀርከሃ ስገዘግዝ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። አውራ ጣቴን ቧጨርኩት። ሁለተኛውን ስጀምር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ማል ጎቱ ጋሼ?»

ኦቦ ገመዳ ነው፤ የክት ልብሱን ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ። ምን እየሠሩ ነው ይለኛል፣ ዓይኑ እያየ። 

«ከመንገድ ላይ ነው የሰማሁት» አለ። «እንዲህ ሲገዘገዝ ሰምቶ የሚያልፍ አናጢ የለም። በመጀመሪያ ነገር እዚህ ጋ አይቆረጥም፤ ምሰሶውን ያናጋል፣ አጥሩ በሙሉ ነው የሚወድቀው። ያምጡ እስቲ።»

መጽሐፍ ቅዱሱን አሲዞኝ ኮቱን አወለቀ። ከቤቱ ማጠፊያና ምስማር አምጥቶ፣ ከቆረጠው ቀርከሃ መልሶ መዝጊያ ሠርቶ፣ በሩን ገጠመው። ከፈተ፣ ዘጋ፤ ከፈተ፣ ዘጋ። አልጮኸም። «እሺ» አለ። እኔ እንባዬ መጣ ማለት ይቻላል። ልጨብጠው እጄን ስዘረጋ ኮቱን እየለበሰ፣ «ነገ ለኮሚቴው አመለክታለሁ፤ ቅር እንዳይልዎት» አለኝ።

«ራስህ ሠርተኸው?»

«በር መሥራት ሙያዬ ነው ጋሼ። ማመልከት ደግሞ ኃላፊነቴ ነው።»

አመለከተ። ሰብሳቢውም ቢሆን የምትለው አንቀጽ ተነበበች፤ የቃላት አጠቃቀሟን አሁንም ወደድኩት። ተሻርኩ፣ ኦቦ ገመዳ ተተካ። የመጀመሪያ ሥራው አድርጎ በሩ ይነቀል ወይስ አይነቀል ብሎ ለድምፅ አቀረበ። ደንቡ ስለ መግባት እንጂ ስለ በር የሚናገረው ስለሌለ ጉዳዩ ሁለት ዓመቱ እስኪሞላ ይቆይ ተባለ። በሩ እንዳለ ቀረ። የሚገባውን የሚያስቆም ሰውም አልተመደበም። እንዲህ ያለውን ፍርድ በሥራ ዘመኔ ብሰማው ኖሮ እስቅበት ነበር።

ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ፤ ወገቤ አምስት ቀን አልተመለሰም። ጠጠሩን ኦቦ ገመዳ በጋሪ ላከልኝ፤ ማን እንደላከው እንዳይነገረኝ ለባለ ጋሪው ነግሮት ነበር፣ ባለ ጋሪው ነገረኝ። ሁሉም ነገር ተዘጋጀ። በሩን ከፍቼ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ማንም አልመጣም።

አንድ ሳምንት። ሦስት ሳምንት። ለሴቶቹ መልእክት ልኬ ነበር፤ ሰምተዋል። ግን ሰው እንደ ወንዝ አይደለም፤ ግድቡ ስለተነሣ ብቻ በድሮ መንገዱ ተመልሶ አይፈስም። አንዷ ልጇን ተከትላ በደሌ ሄዳለች። አንዷ ማጠቡን ትታ ዳሪሙ ወረዳ እህቷ ጋ ቡና ለቀማ ገብታለች። ሌሎቹ ጥግ ጥጋቸውን ለምደዋል። አበባው እንኳ ወራቱን ጨርሶ ረገፈ፤ ዘሩ ሱሪዬ ላይ ይጣበቃል።

ምን ላድርግ? አንድ ቀን የጫልቱን ሳፋ ከጓዳ አወጣሁ። ሸሚዞቼን ሰብስቤ ወረድኩና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ ልብስ አጥቤ አላውቅም፤ አሁን አንዲት ሠራተኛ በሳምንት አንዴ እየመጣች ነው የምታጥብልኝ። ሳሙናውን ለአንገትጌው ብቻ ሰጥቼ እጅጌውን ረሳሁት። ውሃውን ግን በሥርዓት ጉድጓዱ ውስጥ ደፋሁ። ማግስቱንም ወረድኩ። ከማግስቱም ማግስት።

እትዬ ሎሚ የመጣችው ማክሰኞ ዕለት ነው፣ ብቻዋን። በሩን ከፍታ ገባች፣ ዘጋችው። የያዘችው ሳፋ ግማሽ ነው። ሆቴሉ ማጠቢያ ማሽን ገዝቷል አለችኝ፤ የቀራት የሦስት ቤት ልብስ ብቻ ነው። ከዚያ ሸሚዜን አነሣችና በሁለት ጣቷ አንጠለጠለችው።

«ይሄ ታጠበ ነው የሚባለው?»

«ምን ጎደለው?»

«መታጠብ» አለች።

ተቀምጣ እንደገና አሸችው፤ እኔ ከማዶ ሆኜ የእጇን አያያዝ አየሁ።  ጨዋታውን እኔው ነኝ የጀመርኩት። መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ዝቅ አደረግኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ «ሸሚዙ በአግባቡ ያልታጠበ መሆኑ በማስረጃ ስለተረጋገጠ…» አልኩ።

እትዬ ሎሚ አልሳቀችም። በሐዘኔታ አየችኝ።

«ይተዉት ጋሼ» አለች። «ጫልቱ ነበረች የምታውቅበት። እርስዎ ራስዎ እንኳ እርስዎን አይመስሉም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ግማሹን አታምኑኝም። ይመር ሬጅስትራሩ ወንዝ ወርዶ ልብስ ያጥባል የሚል ወሬ ከተማውን ዞረ። በቀጣዩ ሐሙስ ሁለት ሴቶች ሳፋ ይዘው መጡ፤ ሳፋው ውስጥ ልብስ አልነበረም፣ እኔን ሊያዩ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ አራት ሆኑ፤ አሁን ልብስ ይዘዋል፣ ለማስመሰል ይሁን ለማጠብ እንጃ። አያያዜን አይተው ሳቁ፣ ሲስቁ የአንዷን ሳሙና ውሃ ወሰደባት፣ በእሱም ሳቁ። ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብሎ ምን ሆናችሁ አለን። የሚመጡት ታዲያ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው፤ ያውም ሁልጊዜ አይደለም፤ ዝናብ ካለ ይቀራሉ፣ ለቅሶ ካለ ይቀራሉ። በሌላው ቀን እኔ፣ ወንዟና ጨፌው ነን።

ኦቦ ገመዳ አንዳንዴ ሊቆጣጠር ይመጣል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጉድጓዱን ያያል፣ ማጠፊያውን ያያል፣ እኔን ያያል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ብቸኛ ሰው ይህን ያህል ልብስ ከየት ያቆሽሻል?»

ፀሐይና አቧራ ነው፣ ዕድሜም ሲገፋ ሰው ይንጠባጠባል አልኩት። አናጢ ነውና ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ቀጥ ያላለ ነገር ያውቃል። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እናንተ ኮሚቴ የላችሁም። አምስት ሸሚዝ ነው ያለኝ፤ በሳምንት ሁለቱን እንኳ በወጉ አላቆሽሽም። ማክሰኞና ሐሙስ ሲደርስ ከቁም ሣጥን የታጠፈውን አወጣለሁ፣ ሳፋው ውስጥ አጨማድጄ ከታች አደርገዋለሁ፣ ከላይ አንድ የቆሸሸ ካልሲ እጥልበታለሁ፤ ከዚያ ወደ ወንዝ እወርዳለሁ።